ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግልጽ ደብዳቤ፦ የሁለቱ ዓይን ዋጋ በአንድ ቁጥር ይነገረን

ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ በላሲክ (መነጽር ለመተው በሌዘር የሚደረግ የዓይን ቀዶ ሕክምና) ማስታወቂያዎች ላይ አብዛኛው ታካሚ የሚከፍለው ሙሉ ዋጋ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ክቡራን የኮሚሽኑ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከቢሯችሁ ብዙም ከማይርቀው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንግሊዝኛውን በቅሬታ መቀበያችሁ በኩል አስገባለሁ። ይሄኛውን በአማርኛ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። በዚህ አካባቢ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚያድር፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ መነጽር የሰለቸው ወገን ብዙ ነው። እሱም አብሮ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

የምጠይቃችሁ አዲስ ነገር አይደለም። እናንተው እ.ኤ.አ. በ2023 ለአንድ ኩባንያ ያዘዛችሁትን ለሁሉም አድርጉት ነው የምለው።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ላሲክፕላስ እና ጆፍ ሜዲሴንተር በሚሉ ስሞች ክሊኒኮች ያሉት ኤልሲኤ ቪዥን የሚባል ኩባንያ አለ። ላሲክ ከ300 ዶላር በታች እንሠራለን እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ሰው ይህን አይቶ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ምርመራና ምክክር ይቀመጣል። ዋጋው የአንድ ዓይን ብቻ መሆኑ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን የሚሠራው ዓይኑ ብዙም ችግር ለሌለበት ሰው ነው። በክሳችሁ እንዳሰፈራችሁት፣ በማስታወቂያው ዋጋ ሁለቱንም ዓይን ለመሠራት ብቁ የሆኑት ለምክክር ከመጡት 6.5 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ለቀረው ሰው ይነገረው የነበረው ዋጋ ባብዛኛው ለአንድ ዓይን ከ1,800 እስከ 2,295 ዶላር ነው።

ከመቶ ሰው ሰባት እንኳ አይሞላም። ያም ሰው ለአብዛኛው የዕለት ሥራው መነጽር የማያስፈልገው ነው። ለጠገበ ብቻ በነጻ ምሳ የሚጋብዝ ምግብ ቤት በሉት።

ኩባንያው 1.25 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የወደድኩት ትእዛዙን ነው። አብዛኛው ሰው የማያገኘውን ዋጋ ወይም ቅናሽ የምታስተዋውቅ ከሆነ ሦስት ነገር በግልጽ ተናገር አላችሁት፦ ዋጋው ለአንድ ዓይን መሆን አለመሆኑን፣ አብዛኛው ሰው ለአንድ ዓይን ስንት እንደሚከፍል፣ ቅናሹን ለማግኘት ምን እንደሚጠይቅ። እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር ከመንግሥት ወረቀት ላይ ማንበብ ብርቅ ነው። የሚያሳዝነው የታዘዘው አንድ ኩባንያ ብቻ መሆኑ ነው። ጎረቤቱ ያለው ክሊኒክ በዚያ ትእዛዝ አይታሰርም።

እኔ የሄድኩት ሌላ ቦታ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ክርክሬ ከአንድ ክሊኒክ ጋር አይደለም። "ላሲክ ከ250 ዶላር ጀምሮ" የሚል ማስታወቂያ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ይከተለኝ ጀመር። ደወልኩ። ስልኩን ላነሳችው ልጅ የመነጽር ቁጥሬን ነገርኳት። ሁለቱም ዓይኔ ማይነስ አራት ተኩል አካባቢ ነው፤ አስቲግማቲዝምም (የዓይን ፊት ጉብጠት እኩል አለመሆን) አለብኝ። "እኔን በ250 ትሠሩኛላችሁ?" አልኳት። "ዶክተሩ ሳያይዎት ዋጋ መናገር አንችልም" አለችኝ። ጨዋ ልጅ ነች። ግን 250ውስ ስልኬ ላይ የመጣው ዶክተሩ ሳያየኝ አይደለም እንዴ?

ሄድኩ። ምርመራው በነጻ ነው፤ እውነት ለመናገር ጥሩ ምርመራም ነው። የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረጉልኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ተወሰድኩ። እዚያ የምትጠብቀው ሴት ነርስም ሐኪምም አይደለችም፤ ሥራዋ ዋጋ መናገርና ማስፈረም ነው። ወረቀቱን የዘረጋችልኝ በጠብታው ምክንያት መነጽር አድርጌም ቅርብ ያለ ጽሑፍ በሚደበዝዝብኝ ሰዓት ነው። (ይህን ተንኮል ነው አልልም። ግን ፈርም የሚባለውን ወረቀት ማንበብ በማይችልበት ደቂቃ ለሰው ማቅረብ ምን ይባላል?) ለአንድ ዓይን 2,150 ዶላር። ለሁለቱ 4,300። ዛሬውኑ ከወሰንኩ 400 ይቀነሳል። ነገ ከመጣሁ አይቀነስም። ዓይኔ በአንድ ሌሊት ምን ሊሆን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ሳቀች።

በዋጋው መወደድ አልከራከርም። ሐኪሙ ዓመታት ተምሯል። ሌዘሩ ውድ ነው። ከማንም በላይ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰሚት እና ቪዚክስ የሚባሉት ሁለት የሌዘር አምራቾች ፓተንታቸውን (የፈጠራ መብታቸውን) አንድ ላይ አድርገው፣ ሐኪሙ ማሽኑን ለቀዶ ሕክምና በተጠቀመ ቁጥር 250 ዶላር ያስከፍሉ እንደነበር ጠቅሳችሁ የከሰሳችሁት እናንተ ናችሁ። ጥምረቱም በዚያው ዓመት ፈረሰ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ያኔ የፓተንቱ ክፍያ ብቻ 250 ነበር። ዛሬ ምርመራው፣ ሐኪሙ፣ ማሽኑ፣ ክትትሉ ሁሉ ተጠቃሎ በ250 ይሉናል። ዓይን ያወጣ ነው። ክሊኒኩም በዚያ ዋጋ እንደማይሠራ ያውቃል፤ ዋጋው የወጣው ሰው ወንበሩ ላይ ለማስቀመጥ ነው።

ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መሰላሉ ይዘረጋል። መጀመሪያ ኮርኒያው (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ክፍል) ላይ የሚነሳው ስስ ሽፋን አለ። እሱን በምላጭ ባለው መሣሪያ ማንሳት ይቻላል፤ ፌምቶሰከንድ በሚባለው ሌዘር ማንሳትም ይቻላል፤ ሁለተኛው ይጨምራል። የዓይንህን ካርታ ለብቻው አንስቶ በዚያ ልክ የሚቀርጸው አሠራር ይጨምራል። አስቲግማቲዝም ይጨምራል። ማይነሱ ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ ይጨምራል። በኋላ ቢበላሽ ድጋሚ እንሠራለን የሚለው የዕድሜ ልክ ዋስትና ይጨምራል። እያንዳንዱ ደረጃ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል፤ አላጣጥልም። ግን "የኔን በርካሹ ቁረጡልኝ" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ዓይኑ እየተነገረው? ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የማስታወቂያው ዋጋ ማንም እንዳይመርጠው ሆኖ የተሠራ ዕቃ ነው።

ዋስትናውንም በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። በብዙ ቦታ በየዓመቱ በራስህ ወጪ ዓይንህን መመርመርን ይጠይቃል። የአንዱን ዓመት ምርመራ ከዘለልክ ዋስትናው አለቀ።

ክሊኒኮቹ የሚመልሱት ይታወቃል። "የሰው ዓይን ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ዋጋ መጻፍ አይቻልም።" ግማሹ እውነት ነው። የኮርኒያ ውፍረት በስልክ አይለካም። ግን ውፍረቱ በዋናነት የሚወስነው ትሠራለህ ወይስ አትሠራም የሚለውን ነው። ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው የመነጽር ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ደግሞ እኔ እጅ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችሁት ደንብ ምክንያት ዓይኔን የመረመረኝ ባለሙያ ማዘዣውን ሳልጠይቀው፣ ተጨማሪ ሳያስከፍለኝ ይሰጠኛል። ስለዚህ ያንን ወረቀት በስልክ ካነበብኩላቸው የሚከፈለውን በግምት መናገር ያቅታቸዋል ማለት አይቻልም።

እንደማያቅት በኋላ አይቻለሁ። ሌላ ክሊኒክ ደውዬ ያንኑ ቁጥር ነገርኳቸው። "እርስዎን የሚመስል ታካሚ ለሁለቱም ዓይን 3,900 ዶላር ነው የሚከፍለው፤ የዓመት ክትትሉ እና ድጋሚ ቢያስፈልግ እሱም ውስጡ አለ፤ ጠብታውን ከፋርማሲ ይገዛሉ" አሉኝ። ስልኩ ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። ይህ ክሊኒክ ማስታወቂያ ላይ ብዙም አይታይም። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። አንዱ 250 ብሎ ሲጽፍ ሌላው 3,900 ብሎ ቢጽፍ ማን ይጫነዋል? እውነቱን የሚናገረው ውድ መሰለ፤ የሚያጠምደው ርካሽ መሰለ። በዚያው ቀን ካልፈረምኩ ግን ውዱ 250 ያለው ነበር። እናንተ ዝም ስትሉ የምትጎዱት ታካሚውን ብቻ አይደለም፤ በእውነት የሚሠራውን ሐኪምም ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ አከፋፈል ልምጣ፤ ወገኖቼ በጣም የሚጎዱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ላሲክ እንደ ምርጫ ስለሚቆጠር ኢንሹራንስ ባብዛኛው አይሸፍነውም። 4,300 ዶላር ሲሰማ ፊቱ የተቀየረ ሰው ወዲያው የሚቀርብለት የሕክምና ክሬዲት ካርድ ነው። "12 ወር ያለ ወለድ።" ጥሩ ይመስላል። ውሉ ግን እንዲህ ነው፦ በ12 ወር ውስጥ ሙሉውን ካልጨረስክ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይመጣብሃል። ቁጥር ላስቀምጥ። አንድ ሰው 4,200 ተበድሮ በየወሩ 300 ሳያዛንፍ ቢከፍል፣ ዓመቱ ሲያልቅ 600 ይቀረዋል። "ትንሽ ነው የቀረኝ" ይላል። በ2023 በእነዚህ ካርዶች ላይ የተለመደው ወለድ ወደ 27 በመቶ ነበር። በዚያ ልክ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ 700 ዶላር ገደማ ወለድ በአንዴ ይጫንበታል። ከቀረው ዕዳ ወለዱ በለጠ! የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2018 እስከ 2020 ሰዎች በእንዲህ ያለ ወደ ኋላ በሚቆጠር የሕክምና ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ሁሉም የላሲክ አይደለም፤ የጥርሱም የሌላውም አለበት። ግን መንገዱ ያው ነው። በ250 የተጠራ ሰው ለ4,300 ተዘጋጅቶ አይመጣም። ያልተዘጋጀ ሰው ደግሞ የቀረበለትን ካርድ ይፈርማል።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አሠሪያቸው ኤፍኤስኤ የሚሰጣቸው ሰዎች ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከታክስ በፊት ማስቀመጥ ይችላሉ። ላሲክ በዚህ ገንዘብ ይከፈላል፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ይፈቅዳል። ነገር ግን ስንት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው ዓመቱ ሳይጀምር ነው። መሀል ላይ እንደ ጋብቻ ወይም ልጅ መውለድ ያለ ነገር ካልመጣ መቀየር አይቻልም። ማስታወቂያውን አምኖ ለሁለት ዓይን 500 ዶላር ያስቀመጠ ሰው በጥር ሄዶ 4,300 ሲባል፣ የቀረውን ታክስ በተቆረጠበት ደሞዙ ነው የሚከፍለው። በ2025 እስከ 3,300 ማስቀመጥ ይችል ነበር። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የክሊኒክ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። የፀረ ተሕዋስያንና የስቴሮይድ ጠብታ አለ። ሰው ሠራሽ እንባ አለ፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በተሳተፈበት ጥናት፣ ከላሲክ በፊት የዓይን ድርቀት ካልነበረባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር የድርቀት ምልክት ተናግረዋል። እድሜው ወደ አርባዎቹ የገባ ሰው ሩቁ ቢጠራለትም ለማንበብ መነጽር መግዛቱ አይቀርም። ሌሊት ለሚነዳ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ጥናት ከፊቱ ምንም ምልክት ካልነበረባቸው እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር ቢያንስ አንድ አዲስ ነገር አይተዋል፤ መብራት ዙሪያ ቀለበት፣ ነጸብራቅ፣ የመሳሰለው። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእይታቸው መርካታቸውንም ያው ጥናት ይናገራል። ስለዚህ ላሲክ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሥራው በቤልትዌይ (በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው ቀለበት መንገድ) ላይ በሌሊት የሚያልፍ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ "ዛሬ ከወሰኑ 400 ይቀነሳል" ሊባል አይገባም።

ሕጉ የት ጋ እንዳለ ስመለከት ይበልጥ ይገርመኛል። ከ2012 ጀምሮ አየር መንገድ የትኬት ዋጋ ሲያስተዋውቅ ታክሱን ጨምሮ ሙሉውን መናገር አለበት። የበዓል ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ትኬት የምንፈልግ ሰዎች ይህን እንወደዋለን። እናንተም ከግንቦት 2025 ጀምሮ የኮንሰርትና የሆቴል ዋጋ በሙሉ ይነገር ብላችኋል። በ2023 ያቀረባችሁት የመጀመሪያው ረቂቅ ሁሉንም ዘርፍ የሚመለከት ነበር። ኋላ አጠበባችሁት። ዛሬ የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ትኬት የሚገዛ ሰው፣ ዓይኑን በሌዘር ከሚያስቀርጽ ሰው የተሻለ የዋጋ ጥበቃ አለው። ይህን ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ለእናንተም ደስ አይላችሁም።

ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው ያልተጠበቀ የሕክምና ዕዳ የሚከለክለው ሕግ ትንሽ ያግዛል። በራሱ ኪስ የሚከፍል ታካሚ በጽሑፍ የዋጋ ግምት የመጠየቅ መብት አለው። የመጣው ሂሳብ ከግምቱ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይችላል። ወገኖቼ ይህን ያዙ፤ የሚያስፈልጋችሁ ቃል "የጽሑፍ ግምት ስጡኝ" ነው። ግን ይህ ሕግ የሚደርሰው ሰው ክሊኒኩ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው። ማጥመጃው ከዚያ በፊት ነው ያለው። እሱ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ለኤልሲኤ ቪዥን የጻፋችሁትን ትእዛዝ ወደ አጠቃላይ መመሪያ ቀይሩት። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት፤ ዋጋው ለሁለት ዓይን ይነገር። በአንድ ዓይን ሊሠራ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው፤ ለአንድ ዓይን እየተባለ የሚጻፈው ቁጥሩ ግማሽ እንዲመስል ብቻ ነው። "1,000 ዶላር ቅናሽ" የሚለውም ከስንት ላይ እንደተቀነሰ አጠገቡ ይጻፍ። ደንብ ማውጣት ዓመታት እንደሚፈጅ ይገባኛል። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ዓመታት አይፈጅም። ስለ ማጥመጃ ማስታወቂያ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆየ መመሪያ አላችሁ። "ከ250 ጀምሮ" የሚሉትን ዘርዝራችሁ፣ የ2023ቱን ትእዛዝ አያይዛችሁ ላኩላቸው። ግማሾቹ በሳምንት ውስጥ ማስታወቂያቸውን ያወርዱታል ብዬ እገምታለሁ።

ለአማርኛ ሬዲዮና ዩቲዩብ አዘጋጆችም አንድ ቃል አለኝ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ፣ ከማንበባችሁ በፊት አስተዋዋቂውን ጠይቁት፦ ባለፈው ወር ከሠራችኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ለሁለቱም ዓይን ስንት ከፈሉ? መልሱን ካልሰጣችሁ በእናንተ ድምፅ አይተላለፍ። አድማጩ የሚያምነው ክሊኒኩን ሳይሆን እናንተን ነው።

መልሳችሁን በደብዳቤም ሆነ በማስጠንቀቂያ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
መነጽር የምታደርግ ሴት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፦
ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል
ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የአማርኛ ሬዲዮና ዩቲዩብ አዘጋጆች